በጭንቅ ቀን በእግዚአብሔር መታመን፦ ግራናና አካባቢዋ ያለፉባቸው ወራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙዎች ስሟን የሚያውቁት ከቆቦ–ግራና ሸለቆ የመስኖ ልማት ጋር ነው። ያ ምድር ውኃና ፍሬ ያለው ቢሆንም ፈተና ተለይቶት አያውቅም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኀብ አረጋውያን እስከ ዛሬ በየስሙ ይቆጥሩታል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ ለአጨዳ በደረሰ ሰብል ላይ ሰፈረ። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ዘለቀ።

በዚህ ጽሑፍ በእግዚአብሔር መታመን ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ምን እንዳልሆነ፣ የእነዚያን ወራት መከራ እያስታወስን እንመለከታለን።

ከፍልሰታ እስከ ጾመ ነቢያት

ወልድያ በጦርነቱ እጅ የወደቀችው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ምእመናን ጾመ ፍልሰታን በጀመሩበት ሳምንት ነበር። ውዳሴ ማርያም በሚተረጐምበት፣ ሕፃናት ለቅዱስ ቁርባን በሚሰለፉበት ወቅት ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ያለው መንገድ የጦር ሜዳ ሆነ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። ከሀብሩ፣ ከወልድያና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ብዙዎች ደሴ ገብተው በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ሲደርስባት አንድ ጊዜ የተሰደደው ሕዝብ ሁለተኛ ተሰደደ።

ያ ጥቅምት ወርኃ ጽጌ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስባለች። በማሕሌቱ የሚታሰበው ስደትና በአስፋልቱ ላይ የሚታየው ስደት በአንድ ወር ተገናኙ። አካባቢው ወደ ቀድሞ አስተዳደሩ የተመለሰው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ የልደት በዓል ሲቃረብ፣ በጾመ ነቢያት ነው።

መሸሽ አለመታመን ነውን?

ከእነዚያ ወራት በኋላ በምእመናን መካከል ሲነገር የምንሰማው፣ ብዙዎችንም የሚያቆስል አንድ ሐሳብ አለ። «እምነት ቢኖራቸው ኖሮ ቤታቸውን ጥለው ባልሸሹ» የሚል ነው። ይህ ትምህርት አይደለም፤ ያልተፈተነ ሰው ንግግር ነው። ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቷል (ማቴ. 2፥13-15)። የሸሸው ኃይል አጥቶ አይደለም፤ ጊዜው ስላልደረሰና የተሰዳጆችን መንገድ ሊቀድስ ስለ ወደደ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ ሀገራችን የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። ፈሪ ብለው ለወቀሱትም ስለ ሽሽቱ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ጽፏል። እርሱን ፈሪ የሚል ክርስቲያን ዛሬ የለም።

እንግዲህ መታመን ፍርሃት ጨርሶ አለመሰማት አይደለም። ፍርሃት ለሥጋችን የተሰጠ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ የመሣሪያ ድምፅ ሰምታ ልጆቿን ይዛ የምትሮጥ እናት አልበደለችም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ፍጹም ሰው ሆኗልና በፈቃዱ አዘነ፣ ተጨነቀ፤ ጭንቀቱን ግን ወደ ጸሎት ወሰደው (ማቴ. 26፥36-46)። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍርሃት ሊሰማን ይችላል፤ የምናደርገውን የሚመርጥልን ግን እርሱ መሆን የለበትም።

ፍርሃት ሲመርጥልን ምን እንደሚመርጥ በእነዚያ ወራት አይተናል። ስልክ በተቋረጠበት ሀገር ያልተረጋገጠ ወሬ ከጥይት ቀድሞ ይደርሳል፤ ያላየውን እንዳየ የሚናገር ሰው መንደር ያስለቅቃል። ፍርሃት ጎረቤትን ያስጠረጥራል፣ እህል ያስደብቃል፣ ዋጋ ያስንራል። አንዳንዱንም ወደ ጠንቋይ ደጅ፣ ወይም ቀን ቆጥረው የጦርነቱን ፍጻሜ እንናገራለን ወደሚሉ ሐሰተኞች «ባሕታውያን» ይመራዋል። እግዚአብሔርን መፍራትና እነዚህን መፍራት በአንድ ልብ አብረው አያድሩም።

ባያድነንም እንኳ

ሌላው ስሕተት በተቃራኒው ያለ ነው፤ «ከታመንህ ምንም አያገኝህም» ማለት። ሠለስቱ ደቂቅ እንዲህ አላሉም። አምላካቸው ከእሳቱ ሊያድናቸው እንደሚችል ለንጉሡ ነገሩት፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩበት (ዳን. 3፥17-18)። መታመናቸው ያለው በዚህ በኋለኛው ቃል ላይ ነው። እነርሱ ከእቶኑ ወጥተዋል፤ ሰማዕታት ግን አልወጡም፤ ቤተ ክርስቲያን የሁለቱንም እምነት አንድ አድርጋ ታከብራለች። በሀብሩና በአካባቢው በእነዚያ ወራት ልጁን ወይም አባቱን ያጣ ምእመን እምነቱ አንሶ የተቀጣ አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚያጽናና ካለ እንደ ኢዮብ ወዳጆች ያለ አጽናኝ ነው።

ለፈራ ሰው አስቀድሞ እንጀራ

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነው። በማግሥቱ ግን ኤልዛቤል እንደምትገድለው ስትዝትበት ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19፥1-8)። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ ትናንት ያደረገውንም አስታውሶ አላሳፈረው። እንዲተኛ ተወው፤ መልአክ ልኮ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ ዳግመኛ ቀሰቀሰው፣ ዳግመኛም አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ኤልያስ ከበላ፣ ከተኛና አርባ ቀን ከተጓዘ በኋላ በኮሬብ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንድንለው እንወዳለን። ተፈናቃዩን «ጽና፣ ታመን» ከማለታችን በፊት እንጀራውንና ውኃውን መያዛችንን እንይ። የደሴ ነዋሪዎች በ2013 ክረምት እንጀራና ልብስ ይዘው ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሄዱት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ናቸው፤ ወሎ እንዲህ ያለ ሀገር ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ ረኀብ በገባ ጊዜ ስለ መታመን የሰበከው ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች እየገሠጸ፣ የተራቡትንም እየመገበ ነው። በሰራፕታ ያለችው መበለት በማድጋዋ የቀረላት አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር፤ የመጨረሻዋን እንጎቻ አስቀድማ ለነቢዩ ሰጠች (1ኛ ነገ. 17፥8-16)። በፍርሃት ጊዜ ሰው በእግዚአብሔር መታመኑ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚች እፍኝ ዱቄት ነው።

ዛሬስ?

የፕሪቶርያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ወደ ሌላ ግጭት ገባ። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለግራናና ለሀብሩ ምእመናን የትናንት ታሪክ ብቻ አይደለም። መንገድ ሲዘጋና ተኩስ ሲሰማ ልብ አሁንም ይደነግጣል።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ያዘጋጀችው ሥርዓት በሰላም ቀን የሚለመድ ነው። ጸሎተ ዘወትርና ውዳሴ ማርያም በቃል የሚያዙት መብራት በሌለበት ሌሊት መጽሐፍ ማንበብ ስለማይቻልም ጭምር ነው። ዳዊት የሚደግሙ እናቶቻችንና አባቶቻችን በጨለማ የማይቸገሩት ለዚህ ነው። በቅዳሴም ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን፤ እነዚህ ልመናዎች የተሠሩት መንገድና ዝናም ለሚያስፈሩት ሰው ነው። ከቤቱ ርቆ ቅዳሴ መድረስ ያልቻለ ካህን በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ንስሐ መግባት ይችላል።

ከእነዚያ ወራት በኋላ እንቅልፍ ያጡ፣ በድምፅ የሚደነግጡ፣ የሆነባቸውን ለማንም ያልተናገሩ ወገኖች በመካከላችን አሉ። ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ካለም ወደ ሐኪም መሄዱ ጸበሉንና ጸሎቱን አይሽርበትም። ካህናትም እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣ ክትክታው ሥር የተኛውን ነቢይ፣ መልአኩም ሁለት ጊዜ እንደ ቀሰቀሰው ያስቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።