ሐተታ በእንፍራዝ፣ ሐተታ በጋይንት



ምን ልሥራ? እንዴትስ ልኑር? ብዙዎቻችሁ ምረቃ ሲቃረብ ይህን ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ። ይህንኑ ጥያቄ የሚያነሣ አንድ የግእዝ ድርሰት፣ ከዚህ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእንፍራዝ እንደ ተጻፈ ይናገራል። እርሱም የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እንደ ድርሰቱ ትረካ፣ ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም ሲያስተምር የፈረንጆቹንም የግብጻውያኑንም ትርጓሜ ጎን ለጎን ያቀርብ ነበር። ለአንዱ ወገን ስላላደላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ተከሰሰ፤ ሸሽቶም በተከዜ ሸለቆ በዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። በዚያም ሁሉም የራሱን ሃይማኖት እውነት ነው ካለ ዳኛው ማን ሊሆን እንደሚችል ራሱን መረመረ። “ሐተተ” ማለትም መረመረ ማለት ነው።

ከዋሻው ይልቅ እኔን የሚስበኝ ግን እንፍራዝ ነው። ሱስንዮስ በ1632 ከሞቱ በኋላ ዘርዐ ያዕቆብ ወደዚያ መጣ፤ ጥያቄውም ወደ ዕለት እንጀራ ወረደ። ሀብቱ ለተባለ ባለጠጋ መዝሙረ ዳዊት ገለበጠ፤ ልጆቹንም አስተማረ። በዚያው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሊያገባ በፈለገ ጊዜ፣ ገረዱ ሳትሆን ሚስቱ እንድትሆን፣ በትዳርም እኩል እንዲሆኑ ጠየቀ። መመነን ሲችል ቁም ጸሐፊነትንና ትዳርን መረጠ።

አሁን ወደ ጋይንት እንሻገር። የድጓ ምስክር ከሆነችው ከቤተልሔም፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ በ1850ዎቹ መጀመሪያ የሐተታውን ቅጂ ለአንቷን ዳባዲ ላከ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ፤ በ1970ዎቹ ክላውድ ሰምነር ተቃወመው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

በተማሪነቴ የኮንቲ ሮሲኒን ሐሳብ በቍጣ ነበር የማነበው። አንድ ቀን ግን፣ በሐተታው ደንብ፣ ራሴን ጠየቅሁ፦ ምን ዓይነት ማስረጃ ቢመጣ ሐሳቤን እለውጣለሁ? መልስ አጣሁ። ለካ እከራከር የነበረው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ክብሬ ኖሯል። ያን ጊዜ ያፈርሁትን እፍረት አሁንም አልረሳሁትም።

የሥራዬ አቅጣጫ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። የደራሲነቱን ሙግት ለጊዜው አቆይቼ፣ የዚያ ዘመን ቁም ጸሐፊ በምን ይተዳደር እንደ ነበር፣ ብራናውን ማን ይፍቅ፣ ዋጋው በእህል ወይስ በአሞሌ ይከፈል እንደ ነበር መጠየቅ ጀመርሁ። ጁስቶ ደራሲው ከሆነ፣ የእንፍራዙን ጸሐፊ ኑሮ ከጋይንት ጎረቤቶቹ አይቶ መሆን አለበት፤ ካልሆነም ኑሮው የዘርዐ ያዕቆብ የራሱ ነው። በሁለቱም መንገድ የምፈልገው ሰው በእነዚህ ደጋዎች ውስጥ ብራና ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጽፍ ነበር።