አዝማሪና ግብዣ

የመሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ በዓል ሲደርስ፣ በእኛ በምዕራብ ዓባያ ወደ መድረክ የሚጋበዙ ወጣት ድምፃውያን «ምን ብንዘፍን ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ መልሱን ከአዝማሪ ታሪክ እፈልጋለሁ።

አዝማሪ በመኳንንት ግብር ላይ ሲቀርብ የጋባዡን ስም፣ ማዕረግና ሙያ አስቀድሞ ያጠና ነበር። ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ካለው፣ የተሰጠውን ግጥም ወዲያው በማሲንቆው ዜማ ያሰማል፤ ሽልማቱም ከዚያው ይመጣል። ጥሩ አዝማሪ ግን ውዳሴ ብቻ አያዘንብም፤ በሰሙ እያመሰገነ በወርቁ ይወጋል።

የዚህን ምላስ ኃይል ጠላትም አውቆታል። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ተዟዟሪ ዘፋኞች ሕዝቡን ያነሣሣሉ ብሎ በጥይት እንዲደበደቡ አዘዘ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ዋጋህን አስቀድመህ ተነጋገር፤ የጋባዥህን ሥራ ጠይቅ፤ ሰዓትህን አክብር። የማታምንበትን ውዳሴ ግን በገንዘብ አትዝፈን፤ ለዚህ ምላስ ሲባል ሰው ሞቷልና።