በአያቴ አልበም ውስጥ የተዘቀዘቀው ንጉሥ

ጉደርን ብዙዎቻችን የምናውቃት በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ነው። እኔ ግን ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ይህችን ከተማ ሳስብ ቀድሞ የሚታወሰኝ የአያቴ የቴምብር አልበም ነው። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት አንድ ቀን አልበሙ ከሣጥን ወጣና ክርክር አስነሣ። አንዱ የአክስቴ ልጅ «አራዊት ያለባቸው ይሸጡ» አለ፤ ሌላው በጣሊያን ንጉሥ ምስል የታተመውን ቀድዶ ሊጥል እጁን ዘረጋ። አልበሙን በልመና ወስጄ፣ ማጉሊያ መነጽርና የቴምብር መዘርዝር ይዤ ተቀመጥሁ።

የአራዊቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ቀጭኔ፣ ነብር፣ ዝሆንና አውራሪስ ያለባቸው ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1919፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የወጡ ናቸው። ውብ ናቸው፤ ነገር ግን በኋላ ለሰብሳቢዎች በብዛት ዳግመኛ ታትመዋል። የዋነኞቹ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን የድጋሚዎቹ ቡናማና የተሰነጣጠቀ ነው። ከገጹ የለቀቁትን ገልብጬ ባይ ቡናማ ሆነው አገኘኋቸው። የአክስቴ ልጅ ሀብት በዚሁ አበቃ።

ከሁሉ የሚቀድመው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮቻችን በፓሪስ የታተሙ ሲሆን የቀረጻቸውም ፈረንሳዊው ዩጂን ሙሾን ነው። ይሁንና ቴምብር ማሳተምና በዓለም ፊት መታወቅ የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1908) የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ከራሷ ቴምብር ሌላ የፈረንሳይ ጅቡቲን ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። በዓድዋ ድል ያደረገች አገር ደብዳቤዋን ለመላክ የጎረቤት ቅኝ ገዢ ማስረጃ ያስፈልጋት ነበር ማለት ነው!

የጣሊያኖቹ ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣው ላይ የቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ምስልና በጣሊያንኛ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም አለ። በ1938 በወጣው ላይ ግን «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» ብቻ ተጽፏል። ወራሪው በመጀመሪያ ንጉሡን ለወጠ፤ ቀጥሎ የአገሪቱን ስም ሰረዘ። ይህን በታሪክ መጻሕፍት አንብቤው ነበር፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

በአልበሙ ውስጥ ያለው ቴምብር ሁሉ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። ንጉሡ ያለበት ብቻ ተዘቅዝቋል። እናቴ «እጃቸው ስቶ ይሆናል» ትላለች። አያቴን የሚያውቃቸው ሁሉ ግን እጃቸው እንደማይስት ያውቃል። በእኔ ግምት ይህ ፊርማ የሌለው ተቃውሞ ነው፤ ቀድደን ብንጥለው ኖሮ የምናጠፋው የእርሳቸውን ቃል እንጂ የጣሊያንን ውርደት አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው፣ ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) የወጣው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቴምብር፣ ከተቆረጠ ፖስታ ጋር ተጣብቋል። ቴምብሩን ከፖስታው ማላቀቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ መረጃው ያለው ማኅተሙ ላይ ነውና። «ሀገረ ሕይወት» ይላል፤ በንጉሡ ዘመን የአምቦ መጠሪያ። ቀኑ በከፊል ይነበባል፣ ዓመቱ ጠፍቷል። ደብዳቤው ወደ ማን ይሄድ እንደ ነበር የሚናገረው የፖስታው ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል።

ቀድዶ ለመጣል ተነሥቶ የነበረው የአክስቴ ልጅ አሁን በየሳምንቱ እየደወለ ስለዚያ ማኅተም ይጠይቀኛል። በሚቀጥለው ሳምንት አልበሙን ይዘን አዲስ አበባ ወደሚገኘው የቴምብር ሙዚየም አብረን እንሄዳለን።