ዶላር እና የአገር ገንዘብ በውጭ አገር ጉዞ

ዶላር ወይስ የአገር ገንዘብ የሚለው ጥያቄ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ ወጪውን በአሜሪካ ዶላር ወይም በሚሄድበት አገር ገንዘብ ለመክፈል የሚያደርገውን ምርጫ ይመለከታል። ዶላር በአብዛኛው የዓለም ክፍል በቀላሉ ስለሚመነዘር ይዞ ለመጓዝ ይመረጣል። ሆኖም ይዞ ለመጓዝ የተመቸ ገንዘብ ሁሉ ለመክፈል ይመቻል ማለት አይደለም። ዶላር የዕለት ተዕለት መገበያያ ባልሆነበት አገር በዶላር የሚከፍል ሰው ብዙውን ጊዜ ይጎዳል፤ ምንዛሪውን የሚተምነው ሻጩ ራሱ ነውና።

ምንዛሪ የሚያስከፍለው ዋጋ

ማንኛውም ባንክ ወይም የምንዛሪ ቢሮ ለአንድ የውጭ ገንዘብ ሁለት ዋጋ አለው፤ የመግዣ እና የመሸጫ። የቢሮው ትርፍ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ በር ላይ «ኮሚሽን የለም» ተብሎ መለጠፉ ምንዛሪው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል ናይሮቢ ውስጥ አንድ ቢሮ ዶላርን በ127 ሽልንግ ይገዛል፣ በ131 ሽልንግ ይሸጣል እንበል። 1,000 ዶላር መንዝሮ 127,000 ሽልንግ የተቀበለ ሰው ጉዞው ተሰርዞበት በዚያው ቀን ሽልንጉን ቢመልስ የሚያገኘው 969 ዶላር ከግማሽ ገደማ ነው። ምንም ሳይገዛ 30 ዶላር አጥቷል።

በዚሁ ምሳሌ ውስጥ አንድ የመታሰቢያ ዕቃ መደብር 9,000 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ ቢሸጥና ዶላሩን በ120 ሽልንግ ቢያስብ፣ በዶላር የሚከፍለው ገዢ 75 ዶላር ይጠየቃል። አስቀድሞ ቢሮው ዘንድ ቢመነዝር ኖሮ 71 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ሻጩ አጭበረበረ ለማለት አይቻልም፤ ዶላሩን በኋላ ወስዶ የሚመነዝረው እሱ ስለሆነ የድካሙንና የስጋቱን ዋጋ አስቀድሞ ይቆርጣል። በዚያ ላይ መልሱ የሚመጣው በአገሩ ገንዘብ ስለሆነ ድፍን 100 ዶላር የሰጠ ሰው ሳያስበው በሻጩ ዋጋ ብዙ ዶላር ይመነዝራል።

ሌላው የተለመደ ኪሳራ ድርብ ምንዛሪ ነው። ከለንደን ወይም ከስቶክሆልም የሚነሳ መንገደኛ ፓውንዱን ወይም ክሮናውን መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ቀጥሎም ወደ መድረሻው ገንዘብ ከለወጠ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በእያንዳንዱ ልውውጥ ከመቶ 3 ቢቀነስ 1,000 የነበረው ወደ 941 ይወርዳል። ፓውንድና ዩሮ በአብዛኞቹ ዋና ዋና ከተሞች በቀጥታ ስለሚመነዘሩ ይህ መንገደኛ ዶላር የሚያስፈልገው በጥቂት አገሮች ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ብር ከኢትዮጵያ ውጭ በአብዛኛው ስለማይመነዘር ዶላር ወይም ሌላ ጠንካራ ገንዘብ ይዞ መውጣቱ አይቀርም።

ዶላር የሚያዋጣባቸው አገሮች

በአንዳንድ አገሮች ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ፓናማ ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶላርን ከባልቦዋ ጎን ለጎን ትጠቀማለች። ኢኳዶር በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ኤል ሳልቫዶር ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. ዶላርን መገበያያቸው አድርገዋል። በካምቦዲያ ዶላርና ሪል አብረው ይሠራሉ፤ በዶላር የከፈለ ሰው ከአንድ ዶላር በታች ያለውን መልስ በሪል ይቀበላል።

በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያው በአገሩ ገንዘብ ቢሆንም የምንዛሪው ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። አንድ ዶላር በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.6725 ድርሃም፣ በሳዑዲ አረቢያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.75 ሪያል ነው። የጅቡቲ ፍራንክም እንዲሁ በ177.721 ታስሯል። በእነዚህ አገሮች «ዛሬ ልመንዝር ወይስ ነገ» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የሚለያየው የቢሮው ትርፍ ብቻ ነው።

የታሰረ ዋጋ ግን ሊፈታ ይችላል። ሊባኖስ ለሃያ ዓመታት ያህል አንድ ዶላርን በ1,507.5 ሊራ ይዛ ከቆየች በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. ቀውስ ተነሳ፤ ይፋዊው ዋጋ ራሱ በመጨረሻ 89,500 ሊራ ደርሷል። በቤት ሠራተኝነት የሄዱ ኢትዮጵያውያትን ጨምሮ ደመወዛቸውን በሊራ የተቀበሉ ወይም ያጠራቀሙ ሰዎች ገንዘባቸው በእጃቸው ላይ ሟሟ። ለጥቂት ቀን እንግዳ የአገሩ ገንዘብ ይበጃል፤ ለወራት ለሚቀመጥ ጥሪት ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

ዶላር የማይመረጥባቸው አገሮች

የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሲኤፍኤ ፍራንክ የታሰረው ከዩሮ ጋር ነው፤ አንድ ዩሮ 655.957 ፍራንክ ነው። ስለዚህ ወደ ዳካር ወይም ወደ አቢጃን ለሚሄድ ሰው ዩሮ ከዶላር ይሻላል። በናሚቢያ፣ በሌሶቶና በኢስዋቲኒ የደቡብ አፍሪካ ራንድ ከአገሮቹ ገንዘብ ጋር አንድ ለአንድ ይሠራል። ኩባ ደግሞ ከ2004 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ በጥሬ ዶላር ምንዛሪ ላይ ብቻ ከመቶ 10 ትቆርጥ ስለነበር ዩሮ ይዞ የገባ ጎብኚ ያተርፍ ነበር።

ሁለት ዋጋ ባለበት አገር

መንግሥት ምንዛሪውን አጥብቆ በሚቆጣጠርበት አገር ከባንኩ ዋጋ ጎን የትይዩ ገበያ ዋጋ ይፈጠራል። በአርጀንቲና ሕዝቡ «ሰማያዊ ዶላር» ብሎ የሚጠራው የመንገድ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከይፋዊው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። በኢትዮጵያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ባንኮች አንድን ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ሲገዙ፣ በጥቁር ገበያ ዋጋው ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። በዘመድ በኩል ወይም በመንገድ ላይ መመንዘር ብዙ የሚያስገኝ ቢመስልም ሕግን መጣስ ነው። ሐሰተኛ ኖት ወይም የጎደለ ቁጥር የገጠመው ሰውም አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። በባንክ የመነዘረ ሰው ግን ደረሰኝ ይይዛል። ይህ ደረሰኝ ሊጣል አይገባም፤ አንዳንድ አገሮች መንገደኛው ሲወጣ የተረፈውን ገንዘብ መልሰው በዶላር የሚቀይሩለት ይህን ሲያሳይ ብቻ ነው።

የኖቱ ሁኔታ

በአሜሪካ ሕግ የታተመበት ዓመት ምንም ይሁን ምን ማንኛውም የዶላር ኖት ዋጋውን አያጣም። ከአሜሪካ ውጭ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካና በእስያ ብዙ መንዛሪዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙትን ባለ ትንሽ ፎቶ ኖቶች አይቀበሉም፤ ከ2006 ወይም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን ብቻ የሚሹም አሉ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም ማኅተም ያረፈበት ኖትም ይመለሳል። ዋናው ምክንያት የሐሰተኛ ገንዘብ ፍራቻ ነው። ብዙ ቦታ ባለ 50 እና ባለ 100 ኖት ከባለ 5 እና ከባለ 10 የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ትንንሾቹ የሚጠቅሙት ለቪዛ ክፍያና ለጉርሻ ነው።

ይህ ጥርጣሬ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር (ጠገራ ብር) ዋና መገበያያ በነበረበት ዘመን ነጋዴው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች በጣቱ ሳይዳስስ አይቀበልም ነበር፤ ነጥቡ ያለቀ ብር ይመለስ ነበር። የባዕድ አገር ገንዘብ ይዞ የመጣ መንገደኛ ዋጋውን የሚያገኘው ተቀባዩ ሲያምንለት ነው።

በካርድ ሲከፈል

ምርጫው በካርድ ክፍያ ላይም ይመጣል። የሆቴል የክፍያ ማሽን ወይም ኤቲኤም የውጭ አገር ካርድ ሲያይ «በአገሩ ገንዘብ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለምሳሌ ከዋሽንግተን ወደ ሮም የሄደ ሰው በዩሮ ወይም በዶላር እንዲከፍል ይጠየቃል። ዶላር ካለ ምንዛሪውን የሚሠራው የነጋዴው አገልግሎት ሰጪ ሲሆን ጭማሪው የሚገባው በዚያ ነው፤ ዩሮ ካለ የካርዱ ድርጅትና ባንኩ ይሠሩታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የሚያውቁትን ገንዘብ በማሽኑ ላይ ማየት ስለሚያረጋጋ ብዙዎች የሚመርጡት የሚያስወድደውን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ጭማሪ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በስንት ከመቶ እንደሚበልጥ ለከፋዩ እንዲነገር ያስገድዳል። ባንኩ በውጭ አገር ግብይት ላይ የራሱን ክፍያ የሚጨምር ከሆነ ግን ያ ክፍያ ዩሮ በመምረጥ ላይቀር ስለሚችል ከጉዞ በፊት ባንኩን መጠየቅ ያሻል።