ንጉሥን ያስፈታ ዜማ፥ ንጉሥን የጐዳ ዜማ

ፈረንሳዮች «ኦፔራ ኮሚክ» የሚሉት የመድረክ ድርሰት የግድ የሚያስቅ አይደለም፤ በዜማዎቹ መካከል ተራ ንግግር የሚገባበት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። ከዚህም ወገን አንዱ፥ ሰዴን ቃሉን፥ ግሬትሪ ዜማውን የደረሱለት «ሪቻርድ ልበ አንበሳ» ነው። መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክቶበር 21 ቀን 1784 ዓ.ም. በፓሪስ ነበር።

የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በ1192 ዓ.ም. በኦስትሪያ መስፍን እጅ መውደቁ እውነተኛ ታሪክ ነው። ድርሰቱ ግን የተመሠረተው በአፈ ታሪክ ላይ ነው። ብሎንዴል የተባለ ታማኝ አዝማሪ ዓይነ ስውር መስሎ ጌታውን ይፈልጋል፤ ከግንቡ ሥር ቆሞ ንጉሡ ቀድሞ የደረሰውን ዜማ ሲያሰማ፥ የእስረኛው ድምፅ ከውስጥ ይመልስለታል። በዚህም ምክንያት ንጉሡ ነጻ ይወጣል።

በቬርሳይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በኦክቶበር 1 ቀን 1789 ዓ.ም. የንጉሡ ክብር ዘበኞች ከፍላንደርስ ለመጡት መኰንኖች በቤተ መንግሥቱ የኦፔራ አዳራሽ ግብር አገቡ። ሉዊ 16ኛና ንግሥት ማሪ አንቷኔት ሲገቡ፥ ብሎንዴል ሰው ሁሉ ለከዳው ንጉሥ ያለውን ፍቅር የሚገልጥበት ዜማ ተሰማ። ለተሰብሳቢዎቹ ዜማው የታማኝነት ቃል ኪዳን ነበር፤ ወሬው ለደረሰው፥ ዳቦ ላጣው የፓሪስ ሕዝብ ግን ዛቻ ሆነ። በኦክቶበር 5 ቀን በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች ወደ ቬርሳይ ገሠገሡ፤ በማግሥቱም ንጉሡ ከነቤተ ሰቡ ወደ ፓሪስ ተወሰደ፤ ወደ ቬርሳይም አልተመለሰም።

ረኃብና ጥርጣሬ ቀድመው ነበሩና፥ ጥፋቱን ሁሉ በዜማው ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም ዜማው የንጉሥ ወገኖች ምልክት ሆነ፤ ድርሰቱም በአብዮቱ ዘመን ከመድረክ ጠፍቶ፥ የተመለሰው በናፖሊዮን ጊዜ ነው። ግሬትሪ ግን ከግብሩ አምስት ዓመት አስቀድሞ ሲደርሰው የአብዮት አሳብ አልነበረውም፤ እንዲያውም ኋላ ለሪፑብሊኩ መድረክ ድርሰት አቅርቧል።

በኦክቶበር 2019 ዓ.ም. ድርሰቱ በኤርቬ ኒኬ የሙዚቃ መሪነት በዚያው በቬርሳይ አዳራሽ ታየ። ተመልካቾቹም ብሎንዴልን ያለ ፍርሃት ሰሙት፤ ዘበኛም አልተነሣ፥ ሕዝብም አልተቈጣ። ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠው የሰሚው ዘመን ነው። በመድረክ የእስር ቤት በር የከፈተው ታማኝነት፥ ከመድረክ ውጭ ሕዝብ በተራበበት ሰዓት ሲዘመር ለሚወደው ንጉሥ እንቅፋት ሆነበት።