በማኅበራዊ ሚዲያ ለጤና ምርምር ተሳታፊ የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች

ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ሲያዩ «የስኳር ሕመም አለብዎት? በጥናታችን ይሳተፉ» የሚል ማስታወቂያ ሊያጋጥምዎት ይችላል። ይህ በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። በሆስፒታል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትና የሐኪሞች ጥቆማ ብዙ ጊዜ በቂ ተሳታፊ ስለማያስገኙ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመድኃኒት ኩባንያዎችም በማኅበራዊ ሚዲያ ያስተዋውቃሉ። ችግሩ እውነተኛውም ሐሰተኛውም በአንድ ስልክ ላይ እኩል አምረው መታየታቸው ነው።

ማስታወቂያው እንዴት ደረሰኝ?

ማስታወቂያውን ስላዩ ብቻ ተመራማሪዎቹ የሕክምና ካርድዎን አይተዋል ማለት አይደለም። አስተዋዋቂው በአብዛኛው የሚመርጠው ዕድሜ፣ ጾታና አካባቢ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ከጤና ጋር የተያያዙ ስሱ ርዕሶችን መሠረት ያደረጉ የማነጣጠሪያ አማራጮችን በ2022 እ.ኤ.አ. አንስቷል።

ምስጢርዎ በብዛት የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማስታወቂያው ሥር «እኔም አለብኝ» ብለው ኮሜንት ከጻፉ ጎረቤትዎም አሠሪዎም ሊያነቡት ይችላሉ። ለታመመ ዘመድዎ አስበው ስሙን ታግ ማድረግም ሕመሙን ለአገር ምድሩ መንገር ነው፤ ማስታወቂያውን በግል ይላኩለት። የሚሞሉት የኢንተርኔት ቅጽም መረጃዎን ለማን እንደሚያሳልፍ ይጠይቁ። ጉድአርኤክስ የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ዋጋ ቅናሽ ድርጅት የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

እውነተኛ ጥናት በምን ይታወቃል?

በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። ተሳታፊ የሚጠራው ማስታወቂያም የዚሁ ምርመራ አካል ነው። ስለዚህ ገና እየተሞከረ ያለን መድኃኒት «ፍቱን ነው»፣ «ያድናል» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይጠራጠሩ፤ የሚከፈለውን ገንዘብ በትልቁ ጽፎ ስለ ጥናቱ ምንም የማይለውንም እንዲሁ። በኢትዮጵያ አዲስ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። የየትኛው ተቋም ኮሚቴ እንዳጸደቀውና የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ከዚያም በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ራስዎ ባገኙት የተቋሙ ስልክ ደውለው ያረጋግጡ።

ገንዘብ ከተጠየቁስ?

የትራንስፖርት ወጪዎን የሚተካ ጥናት ብዙ ነው። የሚሞከረውን ሕክምና እንዲገዙ የሚጠይቅዎትን ግን እምቢ ይበሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ እንደተገለጸው፣ ከዕድሜ ጋር በሚመጣ የዓይን ሕመም የተያዙ ሦስት አረጋውያን ሴቶች በአሜሪካ ፍሎሪዳ በሚገኝ ክሊኒክ 5,000 ዶላር እየከፈሉ የስቴም ሴል መርፌ በሁለቱም ዓይናቸው ተወጉ። በማየት ችሎታቸው ላይም ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ክሊኒኩ በመንግሥታዊው የጥናቶች መዝገብ ላይ ስለተጠቀሰ ከመካከላቸው ምርምር ላይ የሚሳተፉ የመሰላቸው ነበሩ። በመዝገብ ላይ መገኘት ብቻውን ሕክምናው ተመርምሮ ጸድቋል ማለት አይደለም።

ከመፈረምዎ በፊት

በስምምነት ቅጹ ላይ የሚገባዎትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ፤ በሚችሉት ቋንቋ እንዲያስረዱዎትም ይጠይቁ። ከተሳታፊዎች ከፊሉ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ (ፕላሴቦ) የሚሰጣቸው መሆኑን፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክምዎትና ጥናቱ ሲያልቅ ሕክምናው ይቀጥል እንደሆነ ይወቁ። ሐሳብዎን ቀይረው በማንኛውም ጊዜ ቢወጡ መደበኛ ሕክምናዎ ሊቋረጥብዎት አይገባም። የሚወስዱትን መድኃኒት በማስታወቂያ ብቻ ተነሣስተው አያቋርጡ፤ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሥተው በቀጠሮዎ ቀን ለሐኪምዎ ያሳዩ።