የገላባት ሰማይ በ1933 ዓ.ም.

ገላባትንና መተማን የማያውቅ በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ጓዛችንን ተሸክመን ያለፍነው በዚያ ነው። ግን በዚያ ድንበር ሰማይ ላይ ምን እንደተደረገ ስንቶቻችን እናውቃለን? እስቲ ዛሬ የአንድ ተዋጊ ስኳድሮን ታሪክ እናንሳ።

ጣሊያን ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሰላንና ገላባትን ከእንግሊዝ እጅ ነጠቀ። ያኔ እንግሊዞች በሱዳን የነበራቸው ጦር ጥቂት ነበር። ለእርዳታ ከመጡት አንዱ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል 1ኛ ስኳድሮን ነው። የያዘው አውሮፕላን ግላዲያተር ይባላል፤ ድርብ ክንፍ ያለው፣ በዚያን ጊዜም ዘመኑ ያለፈበት ነበር። የጣሊያኑ ፊያት ሲአር 42ም ድርብ ክንፍ ነበር።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚታዘዘው 10ኛው የህንድ ብርጌድ ንጋት ላይ አጥቅቶ ገላባትን ያዘ። መተማ ግን አልተያዘችም። አብዛኞቹ ታንኮች በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆሙ።

ሰማዩስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ግላዲያተሮቹ አንድ ላይ መምጣት ሲገባቸው አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። ጣሊያኖቹ ደግሞ በርከት ብለው ጠበቋቸው። የስኳድሮኑንና አብሮት የነበረውን የእንግሊዝ ቡድን ጨምሮ 5 ግላዲያተሮች በዚያው ቀን ወደቁ። የስኳድሮኑ አዛዥ ሻለቃ ቫን ስካልክዊክ ከሚነድ አውሮፕላን በፓራሹት ቢወርድም ቃጠሎው ገደለው። ከዚያ በኋላ ቦምብ ጣዮቹን የሚከለክል ጠፋ። ከታች ካለው ጦር አንዳንዱ ቦታውን ለቆ ሸሸ፤ ስሊምም ከገላባት ለማፈግፈግ ተገደደ።

ስኳድሮኑ ግን በዚያው አልቀረም። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሃሪኬን የሚባሉ ፈጣን አውሮፕላኖች ደረሱት፤ የሰማዩም ሚዛን ወደ እንግሊዞች እያዘነበለ ሄደ። ጥር 11 ቀን ከሰላ ተመለሰች። በማግስቱ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በስደት ሱዳን የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ደረሱ።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? የገላባት አብራሪዎች ወኔ አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው አንድ ላይ መሆን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚሉት አባቶቻችን ይሄንኑ ነው። በካምፕ ትምህርት ቤትም እኮ ያው ነው። መምህሩ ለብቻው፣ ተማሪው ለብቻው፣ ወላጅም ለብቻው ከደከመ ልፋቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያለን መጽሐፍና ጠመኔ ጥቂት ነው፤ አንድ ላይ ካዋልነው ግን ይበቃናል።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ የገዳሪፍን፣ የገላባትንና የመተማን ካርታ እንዲስሉ አድርጉ። ተማሪዎችም ስለዚያ ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ካሉ ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ጻፉ። የአብራሪዎቹ ስም ተጽፏል፤ ከበታቻቸው የነበረው የመንደር ሰው ግን እስካሁን ጸሐፊ ይጠብቃል።